መርከብ ወደብ ስትደርስ፦ የደኅንነትና የብክለት ፍተሻ እንዴት ይካሄዳል?

ለመኸር እርሻ የሚውለው የአፈር ማዳበሪያ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በባሕር ነው። ዩሪያም ሆነ ኤን ፒ ኤስ በመርከብ ተጭኖ በአብዛኛው ጅቡቲ ይደርሳል፤ እዚያ በ50 ኪሎ ግራም ጆንያ ይሞላል፤ ከዚያም በከባድ ተሽከርካሪና በባቡር ወደ መሐል ሀገር ይጓጓዛል። 50 ሺህ ቶን የጫነች አንዲት መርከብ የምታራግፈው ግማሽ ሚሊዮን ኩንታል ነው፤ በጆንያ ሲቆጠር አንድ ሚሊዮን ይሆናል። አርሶ አደሩ የሚጠይቀው ማዳበሪያው መቼ እንደሚደርስ ነው፤ ደግሞም ዝናብ ቀጠሮ ስለማይሰጥ ጥያቄው ተገቢ ነው። በወደብ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። መርከቧ ራሷ ለባሕርተኞቿ፣ ለወደቡ ሠራተኞች፣ ለባሕሩና ለወደብ ከተማው ነዋሪ አደጋ ይዛ አልመጣችምን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈለገው የወደብ ሀገር ቁጥጥር በሚባለው ፍተሻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥጥሩ የማን ሥልጣን ነው?

በባሕር ሕግ መሠረት ስለ አንዲት መርከብ ብቃት በቅድሚያ የምትጠየቀው መርከቧ የተመዘገበችበትና ሰንደቅ ዓላማዋን የምታውለበልብላት ሀገር ናት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመርከቧ ባለቤት በአንድ ሀገር፣ ባሕርተኞቹ በሌላ፣ የጭነቱ ባለቤት በሦስተኛ ሀገር ሊኖሩ ይችላሉ፤ መርከቧ ደግሞ ምዝገባው ርካሽ፣ ቁጥጥሩም ልል በሆነበት በአራተኛ ሀገር ልትመዘገብ ትችላለች። ከመዘገበቻት ሀገር ወደብ ጨርሳ ሳትደርስ የምታረጅ መርከብ ጥቂት አይደለችም። ስለዚህ የወደብ ሀገራት የራሳቸውን በር ራሳቸው መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። መርከቧ የየትም ሀገር ሰንደቅ ዓላማ ታውለብልብ፣ ወደባቸው ስትደርስ ተቆጣጣሪ ይልካሉ፤ ጉድለት ሲገኝ እስኪታረም ያግዷታል። መርከቧ የተመዘገበችበት ሀገር ዓለም አቀፍ ስምምነቱን አለመፈረሟም ለመርከቧ መከላከያ አይሆናትም፤ ፈራሚ ያልሆነች ሀገር መርከብ ከፈራሚዎቹ የተሻለ አያያዝ እንዳይደረግላት ተደንግጓል።

ኢትዮጵያም በራሷ ሰንደቅ ዓላማ የሚንቀሳቀሱ የንግድ መርከቦች አሏት፤ እነዚህም በየሚደርሱበት ወደብ በተመሳሳይ መንገድ ይፈተሻሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም በቢሾፍቱ ባቦጋያ የሚያሠለጥናቸው ኢትዮጵያውያን ባሕርተኞችም በውጭ መርከቦች ሲቀጠሩ ተቆጣጣሪው ፊት የሚቀርበው የእነርሱም የሙያ ምስክር ወረቀት ነው።

ደንቦቹ ከየት መጡ?

አብዛኛው የባሕር ደንብ የአደጋ ልጅ ነው። ሶላስ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የሰው ሕይወት ደኅንነት ስምምነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረመው በ1914 ሲሆን መነሻው ከሁለት ዓመት በፊት የደረሰው የታይታኒክ መስጠም ነበር፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1974ቱ ነው። በመጋቢት 1967 ቶሪ ካንየን የተባለች፣ በላይቤሪያ የተመዘገበች የነዳጅ ጫኝ መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ከ100 ሺህ ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ባሕር ውስጥ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ በ1973 ማርፖል የተባለው የብክለት መከላከያ ስምምነት ጸደቀ፤ በ1978 ከተጨመረለት ፕሮቶኮል ጋር በጥቅምት 1983 ሥራ ላይ ዋለ።

ማርፖል በጸደቀና ገና ተፈጻሚ ባልሆነበት ጊዜ፣ በመጋቢት 1978፣ አሞኮ ካዲዝ የተባለች ሌላ የነዳጅ መርከብ በፈረንሳይ ብሪታኒ ጠረፍ ተሰብራ ከ200 ሺህ ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። የአውሮፓ ሕዝብ ቁጣ መንግሥታቱን አንቀሳቀሰና 14 ሀገራት በ1982 የፓሪስን የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ፤ መረጃ እየተለዋወጡ በአንድ መመሪያ ለመፈተሽም ተስማሙ። ዛሬ በዓለም ላይ ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ቀጣናዊ ስምምነቶች አሉ፤ አሜሪካ በባሕር ጠረፍ ጥበቃዋ አማካኝነት ለብቻዋ ትሠራለች። ኬንያን፣ ሱዳንን፣ ደቡብ አፍሪካን፣ ሕንድንና አውስትራሊያን የሚያቅፈው የሕንድ ውቅያኖስ የመግባቢያ ሰነድ በ1999 ሥራ የጀመረ ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ በሕንድ ጎዋ ይገኛል።

የትብብሩ ጥቅም ግልጽ ነው። አንዱ ወደብ ያገኘውን ጉድለት ቀጣዩ ወደብ ያውቀዋል። በፓሪሱ ሥርዓት መርከቦች እንደ ስጋታቸው መጠን ይመደባሉ፤ ከፍተኛ ስጋት ያለባት በየአምስትና ስድስት ወሩ፣ ዝቅተኛ ስጋት ያለባት ደግሞ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ትፈተሻለች። ሀገራትም መርከቦቻቸው በሚታገዱበት መጠን በነጭ፣ በግራጫና በጥቁር መዝገብ ይሰፍራሉ። ኢኳሲስ የተባለ፣ ለማንም ክፍት የሆነ የመረጃ ቋትም አለ፤ የአንዲትን መርከብ ስም የሚያውቅ ሰው የፍተሻ ታሪኳን ያለ ክፍያ ሊመለከትበት ይችላል። ጭነት የሚያስጭን ነጋዴም ሆነ በመርከብ ሊቀጠር ያሰበ ወጣት ውል ከመፈረሙ በፊት ቢጎበኘው አይጎዳም።

ተቆጣጣሪው ምን ያያል?

ፍተሻው የሚጀምረው መርከቧ ላይ ከመውጣት በፊት ነው። ተቆጣጣሪው በወደቡ ዳር ቆሞ በመርከቧ ጎን የተቀባውን የጭነት ልክ መስመር ይመለከታል፤ መስመሩ ከውኃ በታች ከሆነ መርከቧ ከአቅሟ በላይ ጭናለች። የገመዶቹን መላላት፣ የመወጣጫውን መሰላል፣ የአካሏን ዝገት ያያል። ከዚያ ወደ ካፒቴኑ ክፍል ገብቶ የምስክር ወረቀቶችን ያገላብጣል። ወረቀቱ የተሟላ፣ መርከቧም በዓይን ሲያዩዋት በደኅና የተያዘች ከሆነች ነገሩ እዚያ ሊያበቃ ይችላል። ጥርጣሬ የሚያሳድር ግልጽ ምክንያት ከተገኘ ግን ዝርዝር ፍተሻ ይከተላል።

በዝርዝር ፍተሻ ወረቀት አይበቃም፤ መሣሪያው ሲሠራ መታየት አለበት። ሕይወት አድን ጀልባው ከነማውረጃው ይሞከራል። የአደጋ ጊዜ የእሳት ፓምፕ ተነሥቶ ውኃው በቱቦው ጫፍ ሲወጣ ይታያል። ዋናው ኃይል ቢቋረጥ የአደጋ ጊዜው ጄኔሬተር በ45 ሰከንድ ውስጥ ኃይል መስጠት ይኖርበታል። ባሕርተኞቹ የእሳት ልምምድ እንዲያደርጉ ይታዘዛሉ፤ ብዙ መርከብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው እያለ አጠቃቀሙን የሚያውቅ ይጠፋል።

የሰው ጉዳይም ይፈተሻል። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የባሕርተኞች የሥራ ሁኔታ ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ የ10፣ በሳምንት ደግሞ የ77 ሰዓት ዕረፍት ያዝዛል። ደመወዝ በወቅቱ መከፈሉ፣ የማብሰያ ክፍሉ ንጽሕና፣ የመጠጥ ውኃው ሁሉ ይታያል። እንቅልፍ ያጣ መኮንን መርከቧን ከዐለት ጋር እንደሚያጋጭ ለማወቅ ሳይንስ አያስፈልግም።

በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚደርስ ሞት ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። እንደ እንጨት፣ ድንጋይ ከሰልና እህል ያሉ ጭነቶች በተዘጋ ማከማቻ ውስጥ የአየሩን ኦክስጅን ይበላሉ። እህል በጉድጓድ የሚያከማች አርሶ አደር ጉድጓዱን ከፍቶ ሳያናፍስ አይወርድም፤ ቸኩሎ የወረደ በዚያው ይቀራል፤ ሊያድነው የወረደውም እንዲሁ። በመርከብ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። በመሆኑም ከ2015 ጀምሮ ባሕርተኞች የተዘጋ ክፍል አገባብና ማዳን በየሁለት ወሩ እንዲለማመዱ ግዴታ ሆኗል፤ ተቆጣጣሪውም የልምምዱን መዝገብና የአየር መለኪያውን ይጠይቃል።

የተገኘው ጉድለት በቅጽ ይሰፍራል። ቀላሉ እስከሚቀጥለው ወደብ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከበድ ያለው ከመነሣቷ በፊት ይታረማል፤ ለሕይወት ወይም ለባሕር አስጊ የሆነው ደግሞ መርከቧን ያሳግዳል። መርከቧ በታገደችበት ጊዜ የሚቆጠረው ወጪ በባለቤቷ ላይ ነው፤ ደንቡን ጥርስ ያበጀለትም ይኸው ነው።

ብክለት በመዝገብ ይታደናል

ማርፖል ስድስት ተቀጽላዎች አሉት፤ ዘይትን፣ በጅምላ የሚጫኑ መርዛማ ፈሳሾችን፣ የታሸጉ አደገኛ ዕቃዎችን፣ የፍሳሽ ቆሻሻን፣ ደረቅ ቆሻሻንና የአየር ብክለትን ይመለከታሉ። በአየር ብክለት ረገድ ከጥር 2020 ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው የድኝ መጠን ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ወርዷል።

ዘይትን በተመለከተ ከሞተር ክፍል ወለል የሚጠራቀመው ቅባታማ ውኃ ሊለቀቅ የሚችለው ተጣርቶ በውስጡ የሚቀረው ዘይት ከአንድ ሚሊዮን 15 እጅ ካልበለጠ ብቻ ነው። ለተቆጣጣሪው አስቸጋሪው ነገር ወንጀሉ የሚፈጸመው በሌሊት፣ ከጠረፍ ርቆ መሆኑ ነው። ስለዚህ የዘይት መዝገቡን ይዞ ሂሳብ ይሠራል። ሞተሩ ይህን ያህል ነዳጅ ከበላ ይህን ያህል ዝቃጭ መውጣት ነበረበት፤ ታዲያ የት ገባ? ለወደብ ተረከበ ከተባለ ደረሰኙ የታለ? ተቃጠለ ከተባለ ማቃጠያው በእርግጥ ይሠራል? በተጨማሪም በቧንቧ መጋጠሚያዎች ላይ በቅርቡ የተፈቱ ብሎኖችንና ቀለማቸው የተላጠ ቦታዎችን ይፈልጋል፤ ማጣሪያውን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ባሕር የሚያፈስ ድብቅ ቧንቧ የሚገጠመው እዚያ ነውና። ፕሪንሰስ ክሩዝ የተባለው ኩባንያ በዚህ ዓይነት ቧንቧ ምክንያት በ2016 በአሜሪካ 40 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀጣ ተስማምቷል፤ ጉዳዩን ያጋለጠው አዲስ የተቀጠረ የመርከቧ መሐንዲስ ነበር።

ባላስት የሚባለው ውኃ ሌላው ጉዳይ ነው። ባዶ መርከብ ሚዛኗን ለመጠበቅ በአንዱ ወደብ የባሕር ውኃ ቀድታ በሌላው ትደፋለች፤ ከውኃው ጋር የማያውቁት ፍጡር አብሮ ይጓዛል። በ1980ዎቹ ወደ ጥቁር ባሕር የገባ አንድ የዝልግልግ እንስሳ ዝርያ የዓሣ ምርቱን ክፉኛ ጎድቷል። በጣና ሐይቅ እምቦጭ ያደረሰውን ያየ ሰው፣ መንገዱ ሌላ ቢሆንም፣ ከመጤ ዝርያ ጋር የሚደረገው ትግል ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ አይጠፋውም። የባላስት ውኃ ስምምነት በ2004 ጸድቆ ሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 2017 ነው።

ማዳበሪያ ሲጫን

ማዳበሪያ ሁሉ አንድ አይደለም። ዩሪያ አይፈነዳም፤ የደረቅ ጅምላ ጭነት ዓለም አቀፍ ደንብም የኬሚካል አደጋ ከሌለባቸው ጋር ይመድበዋል። አሞኒየም ናይትሬት ግን ሌላ ነው፤ በተለያዩ ሀገራት እንደ ናይትሮጅን ማዳበሪያ ያገለግላል፤ በከፍተኛ ሙቀትና በታፈነ ቦታ ደግሞ ይፈነዳል። ኦክስጅኑን በራሱ ውስጥ ስለያዘ አየር በመዝጋት እሳቱን ማፈን አይቻልም። ይህ ያልታወቀበት ቀን በሚያዝያ 1947 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ ታይቷል። ግራንካምፕ በተባለችው መርከብ ላይ እሳት ሲነሣ ጭነቱ በውኃ እንዳይበላሽ ተብሎ ክዳኖቹ ተዘግተው እንፋሎት ተለቀቀ። ከ2 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ፈነዳ፤ ቢያንስ 581 ሰዎች ሞቱ።

የቤይሩቱ ታሪክ ደግሞ ስለ ፍተሻ ራሱ የሚያስተምረው ይበልጣል። ሮሱስ የተባለች፣ በሞልዶቫ የተመዘገበች አሮጌ መርከብ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ከጆርጂያ ባቱሚ ጭና ወደ ሞዛምቢክ ቤይራ ስትጓዝ በኅዳር 2013 ቤይሩት ገባች። የወደቡ ተቆጣጣሪዎች ፈተሿት፤ ለጉዞ ብቁ እንዳልሆነች አረጋገጡ፤ አገዷት። እስከዚህ ድረስ ሥራው በደንብ ተሠርቷል። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ መርከቧን ጣላት፤ ካፒቴኑና ጥቂት ባሕርተኞች ለወራት ያለ ደመወዝ በላይዋ ታግደው ቆዩ። ጭነቱ በ2014 ወደ ወደቡ 12ኛ መጋዘን ተዛወረ። የጉምሩክ ኃላፊዎች እንዲወገድ ደጋግመው ደብዳቤ ጻፉ፤ የወሰነ ግን አልነበረም። መርከቧ በ2018 እዚያው ወደቡ አጠገብ ሰጠመች። ጭነቱ በነሐሴ 4 ቀን 2020 ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ቆሰሉ፤ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ቤይሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች የሚኖሩባት ከተማ በመሆኗ ሐዘኑና ጭንቀቱ በኢትዮጵያም ብዙ ቤት ገብቷል።

ፍተሻው አደገኛዋን መርከብ ከባሕር ላይ አስቀርቷል፤ አደጋውን ግን ወደ ከተማው መሐል አስገባው። ተቆጣጣሪው ጉድለቱን መዝግቦ ሲወርድ ጭነቱን የሚረከብ፣ የሚያስወግድና በስሙ የሚጠየቅ አካል ካልተዘጋጀ ቅጹ የሚጠብቀው ማንንም አይደለም።

መርከብ ማባረርስ?

አደገኛን መርከብ ወደብ አለማስገባት ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል። በግንቦት 2021 ኤክስ ፕሬስ ፐርል የተባለች፣ ከተሠራች ገና ጥቂት ወራት የሆናት የኮንቴይነር መርከብ ናይትሪክ አሲድ የሚያፈስ አንድ ኮንቴይነር እንዲወርድላት በኳታር ሐማድና በሕንድ ሐዚራ ወደቦች ጠየቀች፤ አልተቀበሏትም። ጉዞዋን ቀጠለች፤ ኮሎምቦ አጠገብ በእሳት ተያያዘች፤ በሰኔ መጀመሪያ ሰጠመች። ከ1,600 ቶን በላይ የፕላስቲክ ፍሬ በስሪላንካ ጠረፍ ተበተነ፤ ዓሣ አጥማጆች ከሥራ ውጭ ሆኑ። የምስክር ወረቀቶቿ አዲስ ነበሩ፤ ያጣችው አንድ ኮንቴይነር የምታወርድበት ቦታ ነው።

ለኢትዮጵያ ቅርብ በሆነው ባሕርም ተመሳሳይ ክፍተት ለዘመናት ቆይቷል። ማርፖል በ1973 ሲጸድቅ ቀይ ባሕር ከዘይት ብክለት ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ቀጣናዎች አንዱ ተብሎ ተሰየመ። ጥበቃው ሥራ ላይ እንዲውል ግን በዙሪያው ያሉ ሀገራት ቅባታማ ዝቃጭና ቆሻሻ የሚረከቡ በቂ ተቋማት በወደቦቻቸው ማዘጋጀት ነበረባቸው። መርከብን ባሕር ውስጥ አትድፊ እያሉ የምትደፋበትን አለማዘጋጀት ትእዛዙን ባዶ ያደርገዋል። የቀይ ባሕርም የኤደን ባሕረ ሰላጤም ልዩ ጥበቃ ተፈጻሚ የሆነው በጥር 1 ቀን 2025 ነው፤ ለቀይ ባሕር ከተሰየመበት ጊዜ 50 ዓመት አልፎ ማለት ነው።

ቁጥጥር የማይደርስባቸው መርከቦችም በዚሁ ባሕር አሉ። ከየመን ጠረፍ አጠገብ የቆመችው ሴፈር የተባለች የነዳጅ ማከማቻ መርከብ በጦርነቱ ምክንያት ከ2015 ጀምሮ ጥገና ተቋርጦባት ከአንድ ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ ይዛ ስትዝግ ኖራለች፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ አስገልብጦ የጨረሰው በነሐሴ 2023 ነው። በየካቲት 2024 ደግሞ ሩቢማር የተባለች መርከብ በሁቲዎች ሚሳይል ተመትታ ከቀናት በኋላ ሰጠመች፤ ጭነቷ ወደ 21 ሺህ ቶን የሚጠጋ የፎስፌትና የሰልፌት ማዳበሪያ ነበር። በማሳ ላይ ሰብልን የሚያለመልመው ፎስፎረስ በውኃ ውስጥ ሲበዛ አልጌን ያፈላል፤ አልጌው ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ስለሚጨርስ ዓሣው ይታፈናል።

ከወደብ እስከ ደረቅ ወደብ

በጅቡቲ የወረደ ኮንቴይነር ጉዞው እዚያ አያበቃም። ሞጆ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወረታ ደረቅ ወደብ ደርሶ ባለቤቱ እስኪረከበው ይቆያል። አደገኛ ዕቃ ከሆነ በባሕር ላይ የነበረው ደንብ በየብስም ያስፈልገዋል፤ በሰነዱ ላይ ያለው ስም ከውስጡ ጋር መመሳሰል አለበት፤ እርስ በርስ የማይስማሙ ኬሚካሎች ተራርቀው መቀመጥ ይኖርባቸዋል፤ ባለቤት ያልቀረበለት ዕቃ የሚወገድበት ቀን ሊቆረጥለት ይገባል።

ለጫኝና አውራጁ ቅርብ የሆነው መለያ በኮንቴይነሩ ጎን የሚለጠፈው የዳይመንድ ቅርጽ ያለው ምልክት ነው። አደገኛ ዕቃዎች በዘጠኝ ክፍሎች ይመደባሉ። ቢጫ መደብ ላይ ክብ ነገር በእሳት ተከቦ ከታየና 5.1 ተብሎ ከተጻፈ በውስጡ ያለው እሳትን የሚያባብስ ኬሚካል ነው፤ አሞኒየም ናይትሬት ከዚህ ይመደባል። ከላይ ነጭ ከታች ጥቁር ሆኖ 8 ቁጥር ያለበት እንደ ናይትሪክ አሲድ ያለ የሚያቃጥልና ብረት የሚበላ ነገር ነው። ዩሪያ ምልክት የለውም፤ አያስፈልገውምም። የስሪላንካን ጠረፍ የሸፈነው የፕላስቲክ ፍሬም በአደገኛ ዕቃነት ስላልተመደበ በኮንቴይነሩ ላይ ምንም ምልክት አልነበረውም።